የኢግናቲስ ወይራ ኪራይ

ሚርሲኒና እኔ ቶርንበሪ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። አባቷ ኢግናቲስ እንደኔው ከሌስቦስ ደሴት የተሰደደ፣ የአንድ መንደር ልጅ፣ የልብ ወዳጄ ነበር። እሷ አላገባችም። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። የአባቷ እግር ሲከዳው ግን ሥራዋን ለቃ ዘጠኝ ዓመት አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ ስድቡንም ቻለች። ኢግናቲስ ተሳዳቢ ነበር፤ ሞተ ብዬ አልዋሽለትም። በየወሩ ግን «የወይራዬ ኪራይ ከመንደር መጣ» እያለ ገንዘብ በፖስታ አሽጎ ይሰጣት ነበር። ሥራዋን በድፍረት የለቀቀችውም ይህን ተማምና ነው።

እኛ ዘንድ የወላጅ ቤት ለሴት ልጅ የሚሰጥ የጎጆ መውጫ ነው። በየፋሲካው ጠቦቱ እየተጠበሰ ኢግናቲስ ብርጭቆውን ያነሳና «ይህ ቤት የሚርሲኒ ነው!» ይላል፤ ወንድሟ ፕሮኮፒስ ያጨበጭባል። እኛም በቃ፣ ተጽፎ የታተመ መሰለን። ኑዛዜ ጻፍ ያለው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ሲሞት ሚርሲኒ የእሱ ስም ያለበትን ፖስታ አርባው ሳይወጣ አልከፍትም ብላ መሳቢያ ውስጥ ከመረችው። በአርባው ማግስት ስትከፍተው ባንኩ ገንዘቡን ይጠይቃል። እሷ ሳታውቅ አባትየው ቤቱን አስይዞ ዘጠኝ ዓመት በየወሩ ሲበደር ኖሯል። እንዲህ ያለው ብድር ለሽማግሌ የተሠራ ነው፤ በሕይወት ሳለ ክፈል የሚለው የለም፣ ወለዱ ዝም ብሎ ይከመራል፣ ሲሞት ቤቱ ተሸጦ ይከፈላል። ባንኩ ቤቱን እስኪሸጠው የቀራት ጊዜ አንድ ዓመት አይሞላም።

«ፕሮኮፒስ ነው የበላው!» አለችኝ በአጥሩ ላይ። «ያ ጋራዡ በምን የተከፈተ ይመስልዎታል? አባቴን አታሎ አስፈርሞት ነው!»

«እስቲ ረጋ በይ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ደግሞ ሁልጊዜ ረጋ በይ!»

ረጋ በይ ብዬ ገባሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ኑዛዜ ስለሌለ ሕጉ ቤቱ ለሁለቱም እኩል ነው ሲል እሷ የፋሲካውን ቃል ይዛ ወንድሟን ከሰሰች። ስምንት ወር ተካሰሱ። ወለዱ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም።

አንድ እሑድ ፕሮኮፒስ የሽያጭ ስምምነት ወረቀት ይዞ መጣ። እኔንም እንደ ሽማግሌ ጠርቶኝ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን።

«ሚርሲኒ፣ ራሳችን እንሽጠው። ባንኩ ከሸጠው ለአንቺ አንድ ክፍል መግዣ እንኳ አይተርፍም።»

«መጀመሪያ የበላኸውን ትፋ፣ ሌባ!»

ፕሮኮፒስ በልጅነቱ አፉ የማይዘጋ ነበር። ያን ቀን ግን ጫማውን ብቻ ያይ ነበር። አባቱ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎታል። እኔንም አስምሎኛል። ንጹሕ ሰው በገዛ እህቱ ፊት ሌባ ተብሎ ሲቀመጥ ግን መሐላው ገደል ይግባ አልኩ።

«ወይራው ተቃጥሏል፣ ሚርሲኒ።»

«የምን ወይራ?»

«የአባትሽ። ሥራሽን ሳትለቂ በፊት እሳት ጨርሶታል። ከመንደር አንድ ሳንቲም መጥቶ አያውቅም። በፖስታ ስትቀበይ የኖርሽው የዚህኑ ቤት ገንዘብ ነው። ብድሩን ሲፈርም ምስክሩ እኔ ነበርኩ።»

«እና እኔ ነኝ የበላሁት?»

«ደሞዝሽ ነው» አለ ፕሮኮፒስ። «ልጄ በነፃ እንድታጥበኝ አልፈልግም፣ ከየት እንደመጣ ካወቀች ደግሞ አትቀበለኝም አለ።»

«ብትነግሩኝ ሥራዬን እለቅ ነበር? ግማሽ ቀን እሠራ፣ ግማሽ ቀን አጥበው ነበር! ሦስት ወንዶች ተመካክራችሁ ቤቴን ለራሴ አበላችሁኝ!»

ወረቀቱን ከፕሮኮፒስ እጅ ነጠቀች።

ፈረመች። ቤቱ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ተሸጠ። ባንኩ ወስዶ ከተረፈው ፕሮኮፒስ ግማሼን አልፈልግም ብሎ ለእሷ ተወው፤ በዚያ ገንዘብ ሬዘርቯር በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ገዛች። በስልሳ አንድ ዓመቷም ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ለሙት ዓመቱ የስንዴ ንፍሮውን በስኳርና በለውዝ አስውባ ቤተ ክርስቲያን ይዛ መጣች። ለፕሮኮፒስ በእጇ አጎረሰችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይብሉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ይኼ በራሴ ደሞዝ የተገዛ ነው።»

ተቀብዬ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላሁት።