ባለ አበባው ቀሚስ

ጀርመን ሠርቼ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዛሬም የዓሳ ሽታ ሲመጣብኝ አፌ ሳያስፈቅደኝ «ዴር ፍሪሸ ፊሽ» ይላል፤ «ትኩሱ ዓሳ» ማለት ነው በጀርመንኛ። ትናንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ከሚባለው ገበያ መሀል አመለጠኝና ሻጯ ቀና ብላ አየችኝ።

ጀርመንኛ ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ፤ ከሰሜን ለሥራ መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩ፣ በወጣትነታቸው ጀርመን የተማሩ ሰው። የቋንቋ ፈተናውን ካላለፍኩ ነርስነት ልማር ወደዚያ መሄድ የለም። እሳቸው ደግሞ ደብተር አይወዱም። ዓሳ ተራ ይወስዱኝና፣ «ትኩሱ ዓሳ መጣ፣ ትኩሱን ዓሳ ገዛሁ፣ ከትኩሱ ዓሳ ጋር ሎሚ ሰጡኝ፤ በይ እስቲ» ይሉኛል። ከዓሳው ፊት የሚገባው ቃል እንደ አገባቡ ይለዋወጣል፦ ዴር፣ ዴን፣ ዴም። ቅጽሉም አብሮ ጅራቱን ይቀይራል። ስሳሳት፣ «ልጄ፣ ዓሳው ሸተተ» ብለው ይስቁብኛል።

ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ታመሙና ለጠበል ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ። የልምምድ ወረቀቶቼን ላርም ብለው ይዘዋቸው ነበር። አብረዋቸው የሄዱት ባለቤታቸው እትዬ ከዚያ ተመልሰው ሁለት ጊዜ እቤታችን መጡ፤ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሰው፣ በቀይ የታረሙ ወረቀቶቼን ይዘው። «ደህና ነው፤ አንቺ ብቻ አጥኚ» አሉኝ። እናቴ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ልብ አላልኩም። በዚያ ዕድሜ ሰው ከራሱ ሌላ ማንን ያያል?

አዲስ አበባ ተፈትኜ ውጤቴን ይዤ ስመለስ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ እነሱ ቤት ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፈቱ። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል።

«መቼ?» ያልኩ ይመስለኛል።

«አርባውን አውጥተናል» አሉኝ ቀስ ብለው።

ለተፈታኝ መርዶ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ እኛም ለጎረቤት ልጅ እንዲሁ አድርገናል። ግን እትዬ ባላቸውን ቀብረው መጥተው፣ ጥቁራቸውን ጎረቤት ቤት እያወለቁ፣ እኔ ፊት ተቀምጠው ሲስቁ ነበር። እናቴ ታውቃለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተናደድኩም፣ አፈርኩም።

«ሳትፈተን እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኝ ነው» አሉ እትዬ። «ይልቅ፣ አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

እልል አሉ። በዚያ ጥቁር ልብስ፣ በዚያ የሀዘን ቤት። ጎረቤቶች ደንግጠው ከየደጁ ብቅ አሉ። እትዬ እልልታውን ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የወጣው ለቅሶ ነበር።