ከቀርከሃው መከለያ ጀርባ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ያኔም ቢሆን አስተማሪዋ ተነስተሽ አንብቢ ስትለኝ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ለጥፌ ነበር የማነበው። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ወንድሜ ግን የዚያን ቀን ነገር ላገኘው ሰው ሁሉ እየጨመረበት ስለሚያወራ፣ እንደሆነው አድርጌ እኔ ልጻፈው አልኩ። ስጽፍ ደግሞ ማንም አያየኝም።

እኛ ቤት የቀርከሃ ወንበር ነው የሚሠራው። አባቴ ይሰነጥቃል፣ እኔ መቀመጫውን እጎነጉናለሁ። ወንድሜም ክራር እስኪይዝ ድረስ አብሮን ይሠራ ነበር። ክራሩን ከያዘ በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ፤ አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ዋሽንት ይነፋል። ሙዚቃቸው እስክስታ የሚወረድበት አይደለም። ቀስ ያለ ነው፤ ጠዋት ዘንገና ሐይቅ ላይ ጉሙ ከውሃው ሲነሳ የማየት ያህል ነው። እንዲያውም አንድ ቀን እዚያው ድረስ ሄደው የወፎቹን ድምፅ በስልክ ቀድተው መጡ። ባዶ ቀርከሃ ውስጥ አተር ጨምረው እያጋደሉ የዝናብ ድምፅም ያወጣሉ። አባቴ ይህን ሲያይ፣ ደጅ በነጻ ለሚዘንበው ነገር ቤት ውስጥ መድከም ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃቸው።

የሚለማመዱት እዚያው ወንበር መሥሪያችን ጥግ ነበር። አንድ ቀን እነሱ ሲጫወቱ እኔ እየጎነጎንኩ እናቴ ድንች ስታርም የምትዘፍናትን የአዊኛ ዘፈን ሳላስበው አብሬ ጀመርኩ። ቀና ስል ሦስቱም መጫወታቸውን ትተው ያዩኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረሽን ዝፈኚ እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። በመጨረሻ፣ ማንም የማያየኝ ከሆነ እሺ አልኩ። ከቁመቴ የሚበልጥ የቀርከሃ መከለያም ለራሴ ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የጎነጎንኩት ነገር የለም።

ከዚያ ዳንግላ ውስጥ አዳራሽ ያለው ሰውዬ ስንለማመድ በስልክ የተቀዳውን ሰምቶ መጥታችሁ ተጫወቱልኝ አላቸው። ዘፋኟ ከመከለያ ጀርባ እንደምትሆን ሲነግሩት ግን፣ ሕዝብ ለግድግዳ አያጨበጭብም አለ። ስለዚህ ወንድሜ ቁርጡን ነገረኝ። መጀመሪያ ቆሰበር ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንጫወታለን፤ እዚያ እንደፈለግሽ ተደበቂ። ለዳንግላ ግን ወይ ትወጫለሽ፣ ወይ ሌላ ዘፋኝ እንፈልጋለን። የእናቴን ዘፈን ሌላ ልጅ እንድትዘፍነው አልፈልግም። እኔው ሰው ፊት ወጥቼ መዝፈንም አልፈልግም።

የቆሰበሩ ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ መግቢያው በነጻ። ጊታር የሚመታው ልጅ እንዲህ ያሉ ባንዶች መድረክ እንዴት እንደሚያሳምሩ በስልኩ አይቷል። በሱ ምክር ሦስቱም ጥቁር ለበሱ፣ መብራት አጥፍተው ሻማ አበሩ። ወንድሜ ደግሞ መሐል ላይ አንዱን የአባቴን ወንበር አስቀምጦ ነጠላዬን መደገፊያው ላይ ጣል አደረገበት። ወንበሩን ስታይ አፍራ ትወጣለች ብሎ ነው። አልወጣሁም።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ቆይቶ ዝናብ ጣለ፤ የአተሩ ሳይሆን እውነተኛው። ከገበያ ወደ አገራቸው ግምጃ ቤት የሚመለሱ ሴቶች ያልተሸጠ ድንቻቸውን በጆንያ እንደያዙ ሮጠው ገቡና አዳራሹ ሞላ።

ዘፈንኩ። ያቺ ዘፈን ማሳ ላይ በብዙ ድምፅ፣ እየተሳሳቁ የምትዘፈን ናት። አንድ ሰው ብቻውን ቀስ ብሎ ሲላት ግን ሌሎቹ ሁሉ ጥለውት የሄዱ ይመስላል። በአንዲት ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ አንዷ ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ አጠገቧ ያለችውም እንደዚያው። በርዷቸው መሰለኝ። ቀጥሎ ሲንሰቀሰቁ ሰማሁ። ሰው የማስለቅስ ዘፋኝ መሆኔ ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ሙዚቃው ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ሴቶቹ ተነስተው ተራ በተራ ወደ ወንድሜ ሄዱና "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ይሉት ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ሻማ፣ ነጠላ ጣል የተደረገበት ባዶ ወንበር፣ አንገታቸውን የደፉ ሦስት ወንዶች፣ ባለቤቱ የማትታይ የሴት ልጅ ድምፅ። የሞትኩት እኔ ነኝ። ዘፈኑም በሕይወት ሳለሁ የተቀዳ መስሏቸዋል።

ወንድሜ ስህተታቸውን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ግን እግዚአብሔር ያጥናችሁ ሲባል አፍ በራሱ "አሜን" ይላል፤ እሱም አለ። አንዷ ሴት፣ ሟቿ ባል አግብታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ዋሽንት ነፊው አላገባችም አለ፤ እውነቱን ነው። ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። ሌላዋ መቼም እንዲህ ያለች ልጅ ሥራ ወዳድ ነበረች አለች። ይህኛውን ሲሰማ ወንድሜ ክራሩን መቃኘት ጀመረ።

እኔ ከጀርባ ጨነቀኝ። ብወጣ አስደነግጣቸዋለሁ፤ ብቀር መቀበሬ ነው። ቁጭ አልኩ።

አንዲት አሮጊት ግን የሟቿን ፎቶ ሳላይ አልሄድም አሉ። ወንድሜ በአገጩ ወደ መከለያው አመለከተ። እሳቸውም ሻማ አንስተው ዞረው መጡ። ማይክ እንደያዝኩ ተያየን።

"አልሞትኩም፣ እማማ፤ ዓይን አፋር ሆኜ ነው" አልኳቸው።

አማተቡ። ቀጥለው ጉንጬን ዳሰሱኝ፤ ይሞቃል። ከዚያ ጆንያው ከትከሻቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። ክንዴን ይዘው ሲጎትቱኝ እምቢ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ ዕድሜ ልክ ቆፍሮ ከኖረ እጅ ግን ማምለጥ አይቻልም። ስንወጣ አንዷ ሙት ተነሳ ብላ ወደ በሩ ሮጣ ዝናቡ መለሳት፤ ሌሎቹ እልልታውን አቀለጡት። አሮጊቷ ነጠላዬን አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና ዘፈኗን እንደ ወጓ እንድደግማት አዘዙ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ወንድሜና ጓደኞቹም በመሣሪያቸው እያነከሱ ተከተሉን። ዓይኔን የገለጥኩት ዘፈኑ ሲያልቅ ነው።

ዳንግላ የሄድኩት ያለ መከለያ ነው። እሱን አባቴ ለዶሮዎቹ አጥር አድርጎታል፤ እስካሁን አንዷም አላመለጠችም። አሮጊቷን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ያን ዕለት ግን ዝናቡ ሲያባራ ጆንያቸውን ካሸከምኳቸው በኋላ በሩ ላይ ዞር ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"ያለቀስኩልሽ አይቆጨኝም፣ ልጄ። የኔ ቀን ሲደርስ መጥተሽ ይህችኑ ዝፈኚልኝ። ታዲያ ፊት ለፊት ሆነሽ ነው፤ ከተደበቅሽማ ሰዉ እኔው ራሴ የምዘፍን ይመስለዋል።"