የጥሎሹ ሳጥን ክዳን

ክረምቱ ሲወጣ ባለቤቴ ሰብለ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ግቢ አውጥታ ማናፈስ ትወዳለች። ባለፈው ሰሞን ያን የጥሎሽ ሳጥን ፀሐይ ላይ ስታስቀምጠው የጥዱ ሽታ በረንዳ ድረስ መጣልኝ። አብሮትም ያ የተጠበሰ እንጨት ሽታ። እስከ ዛሬ አለቀቀውም እኮ!

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ አሰላ ውስጥ ከጓደኛዬ ከቶላ ጋር ጠባብ ሱቅ ነበረችን። እንጨት ላይ በሌዘር ስምና ጥቅስ እንቀርጻለን፤ ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ጨረሩ እየተመላለሰ እንጨቱን ይጠብሳል። የሰው ሠርግ ሳስጌጥ ኖሬ የራሴ ሲደርስ አበድኩ። እንደ ሰው ሻንጣ ገዝቶ መላክ ሲቻል፣ የለም፣ የጥድ ሳጥን! ክዳኑ ላይ በአንዱ ጫፍ የሰብለ ስም፣ በሌላው ጫፍ የኔ፣ ዙሪያቸውን የስንዴ ዛላ። የኢተያ ልጅ ነኝ፤ ከስንዴ ሌላ ጌጥ ከየት ላምጣ?

ጥሎሹ የሚሄደው ሁሩታ፣ የሰብለ ቤተሰቦች ዘንድ ነበር። አጎቷ ጋሼ ታደሰ ለሽማግሌዎቹ "ከምሳ በኋላ የሚመጣ ጥሎሽ በኔ በር አይገባም" ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ያሉትን አይለውጡም። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰንብቶ የመጣው በዕለቱ ጠዋት ነው፤ ቀትር ላይ እንደሚሄድም እናውቃለን። ክዳኑን ማሽኑ ላይ ልናስቀምጥ ስንል ኮምፒውተሩ የሚፈጀውን ጊዜ አሳየን፤ እስከ አመሻሽ!

"ያ ረቢ!" አለ ቶላ። "ፍጥነቱን ጨምረው እንጂ!"

ጨመርኩት። ቁራጭ ጣውላ ላይ ስንሞክረው በእርሳስ የተጫረ መሰለ፤ ጨረሩ ካልቆየበት እንጨቱ አይጠቁርም። የጨረሩ ኃይልም ከዚያ በላይ አይጨመርም ነበር። የቶላ እናት ከዲክሲስ የላኩልን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አጠገቤ ተቀምጧል፣ እኔ ግን አልነካሁትም። ሰብለ በሰው ፊት ልታፍር ነው፣ በኔ ጌጥ ወዳድነት!

ሙከራውን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጨረሩ ከኔ ስም ተነስቶ፣ ባዶውን መሃል አቋርጦ፣ የሷ ስም ጋ ይደርሳል። ሲመለስ ግን ምንም አይሠራም። የፊደሉ ጠርዝ እንዲጠራ ብዬ እኔው ነኝ እንዲያ ያዘዝኩት።

"ቶላ፣ አንድ ትልም አርሶ ሞፈሩን ተሸክሞ የሚመለስ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?"

"ሠርግ የደረሰበት ካልሆነ!" አለኝ።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቼ ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ እንዲሠራቸው አደረግኩ፤ ባዶው መሃል ቀረ። ቀጥዬ ሲመለስም እንዲጠብስ አዘዝኩት። ስንሞክረው ዛላዎቹ አማሩ፤ ፊደሎቹ ግን ጠርዛቸው ትንሽ ተሸራረፈ። ሰዓቱ አንዱን ስም ብቻ እንደ ቀድሞው በቀስታ ለማስኬድ ይበቃ ነበር። የቱን እንደመረጥኩ ቶላ አይቶ ሳቀ።

ቀትር ሳይሆን አለቀ። ቶላ ሚዜዬም ነበርና ክዳኑን በማጠፊያ አሰረ፣ ልብሱና ወርቁ ገባ፣ መኪናዋ እሱንና ሽማግሌዎቹን ይዛ በረረች። ሙሽራ ጥሎሽ ይዞ አይሄድምና እኔ ሱቁ በር ላይ ቀረሁ። ወዲያው መብራት ሄደ። ስልኬን እንደጨበጥኩ ስንቴ ተነስቼ ስንቴ እንደተቀመጥኩ እንጃ።

በመጨረሻ ጠራ። "ገብተናል!" አለ ቶላ፣ ከኋላው እልልታ እየተሰማ። "ጋሼ ታደሰ ክዳኑን አሽትተው 'ይሄን ከእሳት አትርፋችሁ ነው ያመጣችሁት?' አሉና ቤቱን በሳቅ ገደሉት።"

እፎይ! ደፉ ላይ ተቀምጬ ያን ጭኮ ብቻዬን ጨረስኩት። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ሰብለ ባለፈው ክዳኑን በጨርቅ ስትወለውል እጇን ገታ አደረገች። "እኔ የምልህ፣ ያንተን ስም አይጥ ነው እንዲህ የሸራረፈው?"

"አይጥ አይደለም፤ ችኮላ ነው።"

"የኔስ ታዲያ?"

"ያንቺን አላቻኮልኩትም።"

ይህን ሁሉ ዘመን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ጠዋት በማፋጠኔ ተርፌያለሁ፤ ዛሬ ደስ የሚለኝ ግን ያላፋጠንኩት ነው። ሰብለ የራሷን ስም ትታ ጨርቁን ወደኔ ስም አዞረችና ቀስ እያለች መወልወል ጀመረች።