ሰባሪው ሰውዬ

በአሜሪካዋ አክሮን ከተማ አንድ የፕላስቲክ መሞከሪያ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ እንጀራው መስበር ነው። ጣት የሚያህል የፕላስቲክ ዘንግ ማሽኑ ላይ ያቆምና መዶሻውን ይለቅበታል፤ ሲሰበር ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ያዳምጣል። ስብርባሪውን ኪሱ ስለሚከተው ሲራመድ ይንኳኳል። ዛሬ ከጋዋኑ ሥር ክራባት አስሯል።

«ዶክተር፣ እንዳይሰበር ብለሽ የቀላቀልሽበት ጎማ ስንት እጅ ነው?» አላት፣ ዘንጉን ያመጣችውን ኬሚስት ግሬቸንን።

«ከመቶ ስምንት።»

«ለእኔ ይበቃኝ ይሆን? ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ ልትጠይቀኝ እየመጣች ነው። ያኔ ገና በመጀመሪያ ቃሏ ነው በቁጣ ፈንድቼ ያባረርኳት።»

«ለአንተስ ሃያም አይበቃህም!»

«ሃያ ከገባብኝ ደግሞ እንደ ካልሲ እልፈሰፈሳለሁ።»

ግሬቸን ሳቀች። ስለ ፕላስቲክ ጥንካሬ ሃያ ዓመት ያስተማረችው እሷም ከእህቷ ጋር እንደተኳረፈች ናት።

መዶሻው ወረደ። ዘንጉ ጎበጠ፣ መሐሉ ነጣ፤ አልተሰበረም።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት እዚያው ቆመች። «አሁንም መስበር ነው ሥራህ፣ አባዬ?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ሊፈነዳ ሲል ዓይኑ የጎበጠው ዘንግ ላይ አረፈ።

«ሌላ ማን ይቀጥረኛል ብለሽ ነው?» አለና ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላት።