የፓፓያ ቋንጣ

የዚያን ቀን ፀሐይ ስናሳድድ ዋልን። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ነሐሴ ነው፤ ደመናው ይገለጣል፣ መልሶ ይከደናል። እኔና ታላቅ ወንድሜ የፍራፍሬ ማድረቂያውን ግራና ቀኝ ይዘን ፀሐይ ወዳለችበት የግቢው ጥግ እንሮጣለን። ስንደርስ እሷ የለችም።

ማድረቂያውን የሠራው ወንድሜ ነው። መጀመሪያ ከተበላሸ ፍሪጅ የነቀለው ማራገቢያ ነበረው፤ በመብራት ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ወረዳችን ሀብሩ ደርሶ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውን አወጣው፤ ሳጥኑን ውስጡን ጥቁር ቀብቶ ላዩን በላስቲክ ሸፈነው። ከላይ የሚመጣው መብራት ቆጣሪ የለውም አለን።

መንገድ በመዘጋቱ ፓፓያችንን የሚጭነው መኪና ቀርቶ ነበር። ፍሬው እየበሰለ ይወድቃል። እናታችን ለላሚቱ ስጧት ትላለች። ወንድሜ ግን ያሰበው ስንቅ ነው፤ ድንገት ብንሸሽ በኪስ የሚያዝ፣ እሳት የማይፈልግ። ፀሐይ ካላገኘ ደግሞ ይሻግታል። ጠርዝ ጠርዙ ማላገግ ጀምሯል። ስለዚህ እንሮጣለን።

ፓፓያው ቀይ ነው። ወንድሜ በረጅሙ ዘልዝሎ «የፓፓያ ቋንጣ» ብሎ ሰየመው። ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አይተው ቀጥ አሉ። ፍልሰታ ነበር።

«በእመቤታችን ጾም ቋንጣ?»

«አዎ እማማ። ይቅመሱልኝ» አላቸው ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

አማተቡ። ለእናታችን ሊከሱን ገቡ። እናቴ ሳቋን አፍና አንድ ዝልዝል አፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ሳይወዱ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ጾሙን ባትገድፈውም እኔን ገድለኸኝ ነበር።»

እኔ በሳቅ እጄ ከዳኝ፤ የያዝኩትን ጫፍ ለቀቅኩት። ሳጥኑ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ።

«እንደ ቃሬዛ ነው የሚያዘው፣ ጩጬ» አለኝ ወንድሜ። «እኩል እንርገጥ።»

ይህን ሲል ራሱ እየሳቀ ስለነበር እኩል መርገጥ አልቻልንም።

ከሰዓት በኋላ ለዝንብ መከላከያ የሚሆን የአጎበር ቁራጭ ፍለጋ ወደ መርሳ ከተማ ሄደ። ሲወጣ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንገለብጠዋለን፣ ቀድመህ እንዳትነካው፣ አንተን አላምንህም፣ ትበላዋለህ አለኝ።

መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ሳይመሽ ይዘውት መጡ። በቃሬዛ። እኩል ይረግጡ ነበር… ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶት ሳለ ፀሐይ ወጣች። እንደዚያ ያለች ፀሐይ ክረምቱን ሙሉ አላየንም። ደመና የሚባል የለም። ሳጥኑ ከግድግዳው ሥር ጥላ ውስጥ ነበር። ከፍቼ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። አልቀመስኩም። ከዚያ ላነሳው ስል ለአንድ ሰው አይሆንም። ጎተትኩት፤ ድንጋይ ያዘው።

ጎረቤታችን ከለቀስተኛው መሀል ተነሥተው መጡ።

«በየትኛው በኩል ልያዝ፣ ልጄ?»

«በእሱ በኩል» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አነሡት። ቀስ ብለን፣ እኩል እየረገጥን፣ ወደ ፀሐይዋ ወሰድነው።