የእትዬ በረኪና ማጠቢያ ማሽን

አክስቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ ስታጥብ ኖራለች፣ ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ዓመት የክፍሉ ኃላፊ ሆና። «እትዬ በረኪና» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ከሥሯ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች እየሆነች ውስጥ ውስጡን ትኮራበት ነበር። አንድ አንሶላ አንስታ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና «ይሄ በደንብ አልተለቀለቀም፣ መልሱት» ትላለች፤ ይመለሳል። ሐኪሞቹ እንኳ ጋዋናቸው ላይ ነጠብጣብ ካለ በእሷ በር በኩል አያልፉም፣ ዞረው ነበር የሚሄዱት።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አብሬያት እኖራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የማወራው ስለ መጥፎ ሽታ ስለሆነ ነው። በእትዬ በረኪና ቤት ስለ መጥፎ ሽታ ማውራት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ጡረታ ስትወጣ ባልደረቦቿ አዋጥተው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዙላት። ነጭ ነው፣ ክብ የመስታወት በሩ ከፊት ይከፈታል። መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የተተከለ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የቤቱ የበኩር ልጅ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ቁጭ ብላ እስከ ወለሉ የሚወርድ ዳንቴል ሠራችለት። ከዳንቴሉ ሥር አቧራ እንዳይነካው የፕላስቲክ ልብስ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባለች፣ ልብሱን ታወጣለች፣ ውጪውን እስኪያብረቀርቅ ትወለውለዋለች፣ በሩን ቀጭ እስኪል ትዘጋዋለች፣ ፕላስቲኩን ታለብሰዋለች፣ ዳንቴሉን ትደርብለታለች። ማሽኑ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንደዚያ ተከናንቦ ይቀመጣል።

እንዳይደክምብኝ ብላ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነበር የምታጥብበት። ሳሙና ላይ ግን አትሳሳም፤ ሁለት ኩባያ ሙሉ ትሞጅራለች። አረፋ ካላየች ልብሱ ታጠበ ብላ አታምንም። አረፋው እየሞላ ሲሄድ በመስታወቱ ውስጥ እያየች «ተመልከቺ እንዴት እንደሚሠራልኝ» ትለኛለች።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቅሁት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ሥራዬ እዚያ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በብርዱ መስኮት ትከፍታለች። እዘጋለሁ፣ ትከፍታለች። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስንናቆር ከረምን። የደረቅ አመል ነው ብዬ በሆዴ ስረግማት ቆይቼ አንድ ቀን ወረቀት ለማንሳት ጎንበስ ስል የገዛ ሸሚዜ ሸተተኝ። ባልዲ ውስጥ ተረስቶ የሰነበተ የወለል መወልወያ ጨርቅ ታውቃላችሁ? እሱን እሱን ነው የሚለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ዳንቴሉን ገለጥሁ፣ ፕላስቲኩን ገለጥሁ፣ በሩን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ።

«አክስቴ» አልኳት፣ «ማሽኑ ትንሽ የሸተተኝ መሰለኝ።»

«የኔ ማሽን?»

መጥታ ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ ውስጥ አስገብታ ድምፁ እስኪሰማ በአፍንጫዋ ሳበች። «ምንም የለም» አለች። «አፍንጫሽን አሳዪው።» በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የአፍንጫ ጠብታ ገዝታ ጠበቀችኝ። ወንበር ላይ አጋድማ ግራና ቀኙን ጨመረችልኝ። እኔም ተጨመረልኝ። ምን እላለሁ?

ቆሽቴ እስኪያር ያልሞከርኩት የለም። ሳታየኝ በሩን ከፍቼ እተወዋለሁ፣ ከኋላዬ ሄዳ ትዘጋዋለች። «አቧራ ይገባበታል፣ አንቺ ልጅ።» ጥሩ መዓዛ ያለው ማለስለሻ ገዝቼ መጣሁ። ጠርሙሱን በሁለት ጣት ይዛ «ንጹሕ ልብስ ምን ሽቶ ያስፈልገዋል?» ብላ መልሳ ሰጠችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠበችን ሴት አጣጠብሽ ልክ አይደለም ማለት እንዴት ይቻላል? ሲታክተኝ ሸሚዞቼን በፌስታል ሥራ ቦታ እየወሰድኩ እዚያው ባለው መታጠቢያ በእጄ ማጠብ ጀመርኩ። መስኮቱ ተዘጋ።

በዚህ መሀል ነው የአክስቴ ልጅ የወለደችው። አንድ ልጇ ናት፣ መምህርት ናት፣ በእግር ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ሰፈር ትኖራለች። ስንት ዓመት ተጠብቆ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ የመጣ ልጅ ነው። አክስቴ ገና በአራስ ቤቱ «የዚህን ልጅ ልብስ ከኔ በቀር ማንም አያጥበውም» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። ልጇ ምን ትበል፣ እሺ አለች።

ከዚያ ወዲህ አመላላሽ እኔ ሆንኩ። አክስቴ ቅዳሜ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ ከትታ ለሦስት ታጥፈዋለች፤ የሆስፒታሉ አጣጠፍ ነው፣ ከመቶ ልብስ መሀል ይለያል። እሁድ ጠዋት ቦርሳውን ይዤ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው እሁድ ልጇ ቦርሳውን በር ላይ ከፍታ አንዷን ሸሚዝ አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ንገሪያታ።»

«እናትሽ ናት፣ አንቺ ንገሪያት።»

«አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እኔ ብነግራት ይቺ ልጅ ስትወልድ ናቀችኝ ነው የምትለው።»

እንዲህ እየተባባልን ሦስት ወር አለፈ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ነን፣ አንዷ ትዳር የያዘች፣ አንዷ ደግሞ ደንበኛ ሲጨቃጨቅ የማታስተርፍ፣ አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተን። ልጇ የምታደርገው እኔ ዞር ስል የተተኮሰውን ልብስ እንዳለ ነክራ በእጇ መልሳ ማጠብ ነው። ሲሰለቻት ደግሞ የምትልከውን እየቀነሰች መጣች። መጀመሪያ ሙሉ ቦርሳ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ በመጨረሻ ስድስት ሸሚዝና አንዲት ቆብ ብቻ። «ልብሱ አልቆሸሸም በያት» ትለኛለች።

አክስቴ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። «የሦስት ወር ልጅ ልብስ አያቆሽሽም?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ካውያውን እንደያዘች። «ልጄ ሸሽታኛለች። ልጁን እንድነካባት አትፈልግም።» ሆዷ እንደባሰ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት አልኩ ለራሴ። ካውያው ቀዝቅዟል አልኳት።

የፈራሁት የመጣው በሚቀጥለው እሁድ ነው። ቦርሳውን አድርሼ ወደ ገበያ ሄድኩ። አክስቴ ለካ የልጁ ቆብ ካውያ መተኮሻው ላይ ተረስታ አግኝታት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ቆየት ብላ ተከትላኝ ኖሯል። የልጇን የግቢ በር ከፍታ ስትገባ፣ በዋዜማው በእጇ የተኮሰቻቸው ስድስት ሸሚዞች ገመድ ላይ ተሰጥተው ውኃ ያንጠባጥባሉ።

ማንንም አልጠራችም። ደረቋን ቆብ ከሸሚዞቹ ጎን በመቆንጠጫ ሰቅላ በመጣችበት ተመለሰች። ልጇ ልብሱን ልትሰበስብ ወጥታ ቆቧን ስታያት ደወለችልኝ። «እማ መጥታ ነበር» አለች። ስልኩን ዘጋችው።

ቤት ስደርስ አክስቴ መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማሽኑን ፊት ለፊት ታየዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ሳትዞር።

«ምኑ?»

«በኔ አትጫወቺ።»

«ልጁ ከመወለዱም በፊት ነው።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ልብሴ እየሸተተ ሰው መሀል ስገባ ስወጣ ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

ያጠራቀምኩት ሁሉ አንድ ላይ ገነፈለ። «ነግሬሽ ነበር» አልኳት። «ነግሬሽ አጋድመሽ ጠብታ ጨመርሽብኝ። በሩን ስከፍት ትዘጊያለሽ፣ ማለስለሻ ስገዛ ትመልሻለሽ። ከዚህ በላይ በጋዜጣ ላሳውጅልሽ? ራስሽ ጭንቅላትሽን ከተሽ ምንም የለም አላልሽም?»

«አልሸተተኝም» አለች።

«እንዴት አይሸትሽም፣ ከመንገድ ይሸታል።»

«አይሸተኝም አልኩሽ። ምንም ነገር አይሸተኝም። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ጀምሮ፣ በረኪናም ሆነ የሚያርር ወጥ አይሸተኝም።»

አንዴ ጀምራለችና ቀጠለች። አንሶላውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ የምታየው የሴቶቹን ፊት ነበር። በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ያጠበችው ልጅ ዓይኗን ትሰብራለች። «እሱን አይቼ ነው መልሱት የምለው። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ የኔን ፊት ለምን አላየሽም?»

«ያንቺን ፊት ምን ብዬ ልየው፣ ሁልጊዜ እንደተኮሳተርሽ ነው።»

እውነቷን ነው። እዚያው የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ ግን ንዴቴም አልለቀቀኝም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑብኝ። ሁለት ዓመት ያንን ምስጢር ይዛ መሥሪያ ቤት ስትመላለስ፣ ከዚያ በኋላም ቤት ውስጥ ከኔ ጋር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ አላወቅሁም። ወጥ በጣደች ቁጥር እንዳያርር እዪልኝ ብላ ስትጠራኝ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ ብድግ ብላ ዳንቴሉን ገፈፈች። «ጓንት አምጪ» አለች በዚያ በክፍል ኃላፊ ድምፅዋ።

በሩ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ በጣቷ ገልብጣ ሳበችው። እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ዞሮ ተጋግሯል። አንድ የፀጉር ሽቦ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ወር የፈለግናት የልጁ ካልሲ ከውስጡ ወጡ። እኔ አፌን ይዤ ወደ በሩ ሸሸሁ፤ እሷ ምንም ሳይመስላት ትፈትጋለች። የሳሙና መሳቢያውን ነቅላ ስታወጣው ሥሩ ላይ ሳሙናው እንደ ሊጥ ደርቆ ተለጥፏል። ከታች ማጣሪያ የምትባል ነገር እንዳለች እንኳ አላውቅም ነበር። ስትፈታት የሰነበተ ውኃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። የዚያን ውኃ ነገር ባልናገረው ይሻላል።

ኮምጣጤም በረኪናም ይዤ መጣሁ። «አንዱን መልሺ» አለችኝ። «ሁለቱ ከተገናኙ የሚያፍን ጢስ ነው የሚያወጡት፣ ቤቱን ጥለን ነው የምንወጣው።» ኮምጣጤውን ጨምራ፣ ባዶውን፣ እስከ መጨረሻው የሙቀት ቁጥር አድርሳ ለቀቀችው። እንደገና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«ሆስፒታል የነበሩት ማሽኖች ተዘግተው አያውቁም» አለች። «መቼ ጊዜ አግኝተው። አንዱ ልብስ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እኔ ይሄንን እንዳይደክም ብዬ፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ፣ እርጥቡን ሸፍኜ አስቀመጥኩት።»

ሲጨርስ በሩን ከፍታ «አሽቺ» አለችኝ። አሸተትኩ። አፌን ሳልከፍት ፊቴን አይታ «አልለቀቀም» አለችና መልሳ ለቀቀችው። ሁለተኛውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ቀኑ እንዲህ አለቀ፤ እኔ አፍንጫ፣ እሷ እጅ ሆነን። በሦስተኛው ቀንሷል አልኳት፣ ጠፍቷል ግን አላልኩም። ዳንቴሉን ለሦስት አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፣ የማሽኑንም በር ወለል አድርጋ ከፍታ ተኛች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጇ ራሷ መጣች፤ ልጁን አዝላ፣ የሞላ ቦርሳ በእጇ ይዛ። ስታለቅስ እንደነበር ዓይኗ ያስታውቃል። ይቅርታዋን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። «እማ፣ እኔ እኮ...» ስትል አክስቴ እጇን ዘርግታ «ስጪኝ» አለች፣ ቦርሳውን። ሩብ ኩባያ ሳሙና ጨመረች፣ ሙቅ ውኃ ላይ አደረገችው። ማሽኑ እስኪጨርስ ሦስታችንም ጠበቅን። አረፋ እምብዛም አልነበረም፤ አክስቴ መስታወቱን እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

የመጀመሪያዋን ሸሚዝ አውጥታ እርጥቧን ለልጇ ዘረጋችላት። «አሽቺ።»

«በጣም ጥሩ ነው፣ እማ።»

«አፍሽን ተዪው። ፊትሽን ነው የማየው።»

ልጇ እንደገና አሸተተች። ወደ እኔ ዞር አለች፤ እኔ ዘንድሮ የማድነው ሰው የለም ብዬ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። «ኮምጣጤ፣ ኮምጣጤ ይላል» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

አክስቴ ሸሚዟን ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር መልሳ ከተተቻት። የተቀየመች መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ይለቅለቃል» አለች። «ተቀመጪ። ልጁን አምጪው።»

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠቻት። አክስቴ ታቀፈችውና አፍንጫዋን አንገቱ ሥር ደፍታ ረጅም ጊዜ ሳበችው። ልጁ ኮርኩራው ሳቀ። እሷ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ምን ይሸታል?» አለች።

ልጇ መጀመሪያ አልገባትም። ለምን እንደምትጠይቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጇ የእናቷን ፊት እያየች ቆይታ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን አሸተተች።

«ወተት፣ ወተት ይላል» አለች። «ትንሽ ደግሞ ላብ። ከጆሮው ኋላ።»

አክስቴ የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«እውነትሽን ነው» አለች።