ቀድሞ የተጨበጨበለት ትምህርት

በአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ በነርስነት በምሠራባት ክሊኒክ ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ በላምባ የሚሠራ ነበር። ከሥሩ እንደ ፋኖስ ክር አለው። ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፤ ቢጫ ከሆነ ያጨሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። የእኛው ነጋ ጠባ ቢጫ ነበር። ክትባት ሙቀት አይችልምና፣ ከኮሶዬ ድረስ ሕፃን አዝለው የመጡ እናቶችን «ተበላሽቷል፣ ሌላ ጊዜ ኑ» ብሎ መመለስ ዋና ሥራዬ ሆነ። አንዷን የኮሶዬ እናት ከነሴት ልጇ ደጋግሜ መልሻታለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል ይባል ስለነበር እንቅልፍ አጣሁ።

ጎንደር ላይ «ቴክኖሎጂ ለሰፊው ሕዝብ» የሚል ሴሚናር እንደተዘጋጀና ከትምህርቶቹ አንዱ የላምባ ፍሪጅ ጥገና መሆኑን ስሰማ ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። አለቃዬን ለምኜ ሄድኩ።

አዳራሹ መድረክ ላይ አዲስ ፍሪጅ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ቆሟል። አጠገቡ የሚያስተምረን መካኒክ ካቻቢቴውን ይዞ ተቀምጧል። የፍሪጁ ተራ ግን የመጨረሻው ቀን ነው። እስከዚያ ቴክኖሎጂ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ እንዴት እንደመጣ፣ መደባዊ ባሕርይ እንዳለውም ተማርን። የእኔ ፍሪጅ ከየትኛው መደብ እንደሆነ ልጠይቅ ዳድቶኝ ተውኩት፤ በሥራው ግን አድኃሪ ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም። አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ «የተባለው እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይነሳና የተባለውን መልሶ ይለዋል። መካኒኩ ያንቀላፋል፤ ጭብጨባ ሲሰማ ባንኖ ያጨበጭባል።

በመጨረሻው ቀን የክብር እንግዳው ስለቸኮሉ የአቋም መግለጫው ከምሳ በፊት ይነበብ ተባለ። መግለጫው ሴሚናሩ ሳይከፈት የተጻፈ ነው፤ የዚያን ጊዜ ደንቡ እንደዚያ ነበር። «የላምባ ፍሪጅ ጥገናን በሚገባ ተምረን ወደ ሥራ ለመሰማራት ቃል እንገባለን» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ሰርተፊኬት ታደለን፤ ፎቶ ተነሳን።

ከምሳ በኋላ መካኒኩ እጅጌውን ሰብስቦ ሲነሳ ሰብሳቢው ቀደሙትና ሴሚናሩ በድል መጠናቀቁን አበሰሩ። እጄን አወጣሁ። የፍሪጁ ትምህርት እንደቀረ ተናገርኩ።

«መማራችሁን በመግለጫው አረጋግጣችኋል፣ ጓድ» አሉ ሰብሳቢው፣ ረጋ ብለው። «አሁን እናስተምር ብንል መግለጫው ሐሰት ነበር ማለታችን ነው። ወይስ ስታጨበጭቢ ሌላ አቋም ነበረሽ?»

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተናድጃለሁ፤ ፍርሃቴ ግን ከንዴቴ በለጠና ተቀመጥኩ። ሰው ሲበተን መካኒኩን ተከትዬ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እንዲሆን ምን እንደማደርግ ብቻ እንዲነግረኝ ለመንኩት። ግራ ቀኙን አየና፣ እሱም ማስተማሩን የሚገልጽ ሰርተፊኬት እንደተሰጠው አስረድቶኝ ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ሄደ።

አለቃዬ በጣም ኮሩብኝ። ሰርተፊኬቴን ከፍሪጁ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ባለሙያ ስላገኘን ሌላ ፍሪጅ አያስፈልገንም ብለው ለአውራጃው ጻፉ፤ ከዚያ በፊት የጠየቅነውም ተሰረዘ። እኔ ክሩን ብቆርጠው፣ ብጠርገው፣ ባወጣው ባስገባው፣ ነበልባሉ ያው ቢጫ ነው። ጥላሸቱ ሰርተፊኬቱን ማጠየም ጀመረ።

ያቺ የኮሶዬዋ እናት፣ ነርሷ ተምራ መጣች ሲሏት ልጇን አዝላ ከተፍ አለች። አሁንም ክትባት እንደሌለ ስነግራት አልተቆጣችም። ቀና ብላ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ሳልማር እንደሰጡኝም አልደበቅኳትም።

«ሸጋ ወረቀት ናት» አለች። «ምነው ታዲያ ሲስተር፣ ለእኔም ልጅ ተከትባለች የምትል እንዲህ ያለች ይጻፉላት። ኩፍኙ ሲመጣ አሳየዋለሁ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም። እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች።